የጉሎ ዘይትና የአባቴ ቀኝ እጅ

ልጅነቴ የጉሎ ዘይት ይሸተኛል። ሌላው ሰው ልጅነቱን በሽቶ ያስታውሳል፤ የእኔ ዕጣ ጉሎ ሆነ፣ ምን ይደረግ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከሰሜን ግንባር ቆስሎ ሀዋሳ ሲመለስ ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ቀረ። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ቁስሉን አክመው፣ «ጣቶቹን በዘይት እያሻችሁ አፍታቷቸው» ብለው ሰደዱት። እናቴ ከአጥራችን ሥር የበቀለውን ጉሎ ለቀመች። ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውሃ አፍልታ፣ የሰፈፈውን ዘይት በማንኪያ እየቀነሰች ጠርሙስ ሞላች። ጉሎ የማያድነው ነገር ያለ አይመስላትም ነበር፤ ለእኔ ፀጉር ጉሎ፣ ለእሷ ተረከዝ ጉሎ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ከሐይቁ ነፋስ ይመጣል። የእናቴ አውራ ጣት አባቴ መዳፍ ላይ ይዞራል፣ ይዞራል፤ እኔ ጭኗ ላይ ተኝቼ ያንን ለስላሳ ድምፅ እየሰማሁ ዓይኔ ይከደናል። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ጊዜ አንድ ረጅም ምሽት ይመስለኛል። በዚያ ምሽት ውስጥ መጀመሪያ ትንሿ ጣቱ ተፈታች፣ ቀጥሎ ጎረቤቷ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ አባቴ ይስቃል። አንድ ቀን መቀስ ያዘ። እናቴ እልል አለች።

ብዙም ሳይቆይ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ካድሬው፣ የዳኑ ቁስለኞች ተመርምረው ወደ ግንባር እንደሚመለሱ ተናገረ። እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ሲመሽ አባቴ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋላት፤ እሷ ግን ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አላወረደችም።

«ዛሬ አታሺኝም?»

«አላሽህም።»

«መቀሱንስ ማን ሊይዘው?»

«እኔ እይዘዋለሁ። አስተምረኝ።»

አባቴ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ከዚያ የተፈቱትን ጣቶቹን አንድ በአንድ መልሶ አጠፋቸው።

ምርመራው ሲመጣ ተመልሶ የተጨበጠውን እጁን አይተው ወደ ቤቱ መለሱት። ከዚያ በኋላ እሱ ከጎኗ ቆሞ ይነግራታል፣ እሷ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። እኔም በስፌት መኪናው ድምፅ መተኛት ለመድኩ፤ ግን ያ ዘይት ናፈቀኝ።

ደርግ በወደቀ ሰሞን እናቴ አዲስ ጉሎ አፈላች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሐይቁ እስኪጨልም ድረስ አሸችው። ጣቶቹ ንቅንቅ አላሉም።

«እጅህን እንዲህ ያስቀረሁብህ እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች።

አባቴ የተጨበጠ እጁን ጉልበቷ ላይ አኖረው።

«ተይው በቃ። እኔን ይዞ አስቀርቶልሻል።»