ተቀባይዋ እኔ ነበርኩ

የእናቴ እግር ቁስል አልድን ሲል ለሁለት ወር ብዬ ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ ተመለስኩ። አሁን ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ወንድሞቼ ሥራም ትዳርም አላቸው፤ ታላቅ እህቴ ሳጉሬ አግብታ ትኖራለች። እኔ አላገባሁም፤ ሥራዬም በላፕቶፕ ስለሆነ የትም ሆኖ ይሠራል ተባለና ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነብኝም። ግን ተወሰነ።

ከጓዳው አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል የእኔ ሆነች። ኔትወርክ የሚይዘው መስኮቱ ሥር ብቻ ስለሆነ ጠረጴዛዬን እዚያ አስጠግቼ፣ ጋቢ ደርቤ እቀመጣለሁ። ክረምት ላይ የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ለሳምንታት አይታይም፤ የማየው የጎረቤታችንን ቆርቆሮ ነው። ጠዋት የእናቴን ቁስል አጥቤ በፋሻ እጠቀልላለሁ፣ መድኃኒቷን እሰጣታለሁ፣ ከዚያ ኮምፒውተሬን እከፍታለሁ። አንድ መስመር ሳልጽፍ ትጠራኛለች። እንግዳ ሲመጣ የማስተናግደው እኔ ነኝ፤ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰው በር የምከፍትለትም እኔ ነኝ። ቤት የዋለ ሰው ሥራ ላይ ነው ብሎ የሚያስብ የለም።

አዲስ አበባ ያለው ትንሽ ድርጅታችን የመልእክት መለዋወጫ አፕ ይሠራል። የእኔ ድርሻ ሰዎች ፎቶና ሰነድ ሲላላኩ መንገድ ላይ ማንም እንዳያየው ማድረግ ነበር። ፋይሉ ከላኪው ስልክ ሳይወጣ ይቆለፋል፤ እንደተቆለፈ በእኛ ሰርቨር፣ ማለትም በድርጅቱ ዋና ኮምፒውተር ላይ ያርፋል፤ ቁልፉ ግን በመልእክቱ ውስጥ ተሸሽጎ ለተቀባዩ ብቻ ይደርሳል። እኛ ዘንድ የሚቀረው ለማንም የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው። አለቃዬ አንድ ነገር ይጨመር አለ፤ ስልኩ የጠፋበት ሰው ፋይሎቹን መልሶ እንዲያገኝ የቁልፉ ቅጂ እኛ ጋ ይቀመጥ። እኔም ደግ ሐሳብ መሰለኝና ንድፉን ጻፍኩለት።

ለሙከራ አፑን ለቤተሰቤ አደልኩ። ወንድሞቼ ሁለት ቀን ቀለዱበትና ተዉት። እህቴ ግን ያዘችው። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከእሷ ሰባት ፋይሎች ተከታትለው ገቡልኝ፤ የመምህርነት ዲፕሎማዋ፣ የውጤት ማስረጃዎቿ፣ የልደት ምስክር ወረቀቷ። መጨረሻ ላይ፣ «ያዢልኝ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» የሚል መልእክት ነበረበት።

እህቴ ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቃ አንድ ቀን አላስተማረችም። እህል ነጋዴው ባሏ፣ «የእኔ ሚስት ደጅ ለደጅ ለደሞዝ አትዞርም» ብሎ ማስረጃዎቿን ከንግድ ፈቃዱ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፎባታል። የዚያን ቀን ሳጥኑን ክፍት አግኝታው ነው ፎቶ አንስታ የላከችልኝ። ዲክሲስ ወረዳ ውስጥ መምህራን እንደሚቀጠሩ ሰምታ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ባሏ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ቤታችን መጣ። ስልኳ ላይ ስትልክ አይቷት፣ አሳዪኝ ቢላት እምቢ ብላው ነበር። አባቴ ጠራኝ። ንግግሩ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ነበር። በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህን ነገር የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«ከሌሎች ጋር ነው፣ አባባ።»

«መልካም። እንግዲህ እኛ ትዳር እንዳይፈርስ ብለን ነው የመጣነው። ክፈቺውና የላከችውን እንየው።»

«አይከፈትም።»

«ሠሪዋ አንቺ ሆነሽ?»

«ለሠራው ሰውም አይከፈትም። ቁልፉ ያለው በላኪዋና በተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ ነው።»

እውነቴን ነበር፤ የቁልፉን ቅጂ የማስቀመጡ ነገር ገና ከወረቀት አልወጣም። ሰባቱ ፋይሎች ግን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ ነበሩ።

ባሏ እስከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆይቶ ቀና አለ። «እሺ፣ ምን እንደላከች ይቅር። ለማን እንደላከች ንገሪኝ።»

ይህን አልጠበቅኩም። ሰርቨራችን ምን እንደተላከ አያውቅም፤ ማን ለማን እንደላከ ግን ያውቃል። እሱን መደበቅ ከባድ ስለነበረ በኋላ እናስተካክለዋለን ብዬ አልፌው ነበር።

«እሱንም አላይም» አልኩ። ዋሸሁ።

«ወላሂ በይ።»

ከክፍሉ መውጣት እንዳልችል ሽማግሌዎቹ በሩ በኩል ተቀምጠዋል። ብምል በሐሰት ነው፤ ባልምል ሁሉም ነገር ታወቀ። ያኔ አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። «ልጄን እቤቴ ውስጥ አታስምላትም» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሰኞ እንመለሳለን ብለው ወጡ።

አባቴ ሸኝቷቸው፣ የግቢውን በር ዘግቶ ተመለሰ።

«ለአንቺ ነው የላከችው፣ አይደል?»

እጄን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ስልኩን ያዝኩ።

«ምን እንደሆነ አትንገሪኝ። ሰኞ የሚያስምሉት እኔን ነው። አላውቅም ስል ባላውቅ ይሻለኛል።»

ወደ ክፍሌ ገብቼ ከንድፉ ላይ የቁልፍ ቅጂን የሚመለከተውን ገጽ በሙሉ ሰረዝኩት። አለቃዬ በማግስቱ ደወለ።

«ስልኩ የጠፋበት ሰውስ?»

«ፋይሉም ይጠፋበታል።»

«ይሄ መልስ ነው?»

«ሌላ የለኝም። ቅጂው እኛ ጋ ካለ አንድ ቀን አንድ ሰው ፊቴ ቁጭ ብሎ ክፈቺ ይለኛል። የዚያን ቀን መክፈት አልፈልግም።»

ስለ ሽማግሌዎቹ አልነገርኩትም። እሱም ብዙ አልተከራከረኝም፤ አስብበታለሁ ብሎ ዘጋው።

ሰኞ አባቴ የተላከውን አላውቅም ብሎ ማለ። ሐሙስ ቀን እህቴ በጎረቤት ስልክ ደወለችልኝ። ባሏ ስልኳን ነጥቆ ከግድግዳ ጋር አላትሞት፣ ለሁለት ተከፍሏል። «ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንቺ ጋ አለ?»

ነበረ። የመጡልኝን ቀን ከፍቼ ስላስቀመጥኳቸው ብቻ ነው። ሰርቨራችን ፋይል ከተወሰኑ ቀናት በላይ አያቆይም፤ በእናቴ ጉዳይ ተጠምጄ ሳልከፍታቸው ብቀር ኖሮ ከስልኳ ጋር አብረው ይሄዱ ነበር። ያ የሰረዝኩት ገጽ እንደ እሷ ላለ ሰው የተጻፈ ነበር። ትክክል ነበርሽ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ዛሬም አፌን ሞልቼ አልመልስም።

በወረቀት ላሳትማቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ወራት የለፋሁበት ምስጠራ፣ ያ ሁሉ ቁልፍ፣ እዚያ በር ላይ አበቃ፤ ሠራተኛዋ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍታ፣ የእህቴን ስም ጮክ ብላ አንብባ፣ «ኮምፒውተሩ ላይ ላስቀምጥልሽ?» አለችኝ። አጥፊው ብዬ አጠገቧ ቆሜ አስጠፋኋት።

በሳጉሬ ገበያ ቀን እናቴን ለአባቴ ትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እህቴን ድንች ተራ አገኘኋት። ጉንጯ ላይ ያለውን ሰንበር እንዳላየሁ ሆንኩ፤ እሷም እንዳላየሁ መሆኔ ገባት። ወረቀቶቹን ከድንቹ በታች ዘንቢሏ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ኦርጅናል ይጠይቁሻል» አልኳት።

«መጀመሪያ ይመዝግቡኝ» አለች።

መዘገቧት፣ ፈተናውንም አለፈች። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ ፍቺው ስድስት ወር ፈጀ። ኦርጅናሉን ዲፕሎማ ከሳጥኑ ያስወጡላት ግን እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። ጉንጯን ካዩ በኋላ ለባሏ መቆም አፈሩ። አባቴ ሳያውቅ የማለው መሐላ እንደማይጎዳው እነሱው ነገሩኝ፤ እሱ ራሱ ግን ስለዚያ ሰኞ ከእኔ ጋር አንድ ቀን አላወራም። የባሏ ዘመዶች ትዳር ያፈረስኩት እኔ እንደሆንኩ ያወራሉ። መንገድ ላይ ሰላምታ ይነፍጉኛል፤ እኔም ካልቸገረኝ ከግቢ አልወጣም።

አለቃዬ ንድፉን ያለ ቁልፍ ቅጂ ተቀበለው፤ አፑም ወጣ። ቢሮ መጥተሽ ቡድኑን ምሪ ብሎኝ ነበር። አንድ ወር ስጠኝ አልኩት፣ ከዚያ ሌላ ወር። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠ።

ባለፈው እሑድ እህቴ ከዲክሲስ ደወለች። አርባ ስምንት ተማሪዎች አሏት፤ ስለ እያንዳንዳቸው ታወራለች፣ እየሳቀች። «ነይ፣ ለአንድ ሳምንት እንኳ ነይ። ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነይ፣ እዚህም ኔትወርክ አለ» አለችኝ።

«የእማዬን እግር ማን ይጠቀልላል?»

ለቁስሏ ማጠቢያ የጣድኩት ውሃ ፈላ፤ በኋላ እደውልልሻለሁ ብያት ፋሻውን ላወጣ ተነሣሁ።