ዳገት ላይ የለገመችው ፒካፕ

በሩን ነፋስ እንዳይዘጋብኝ የማስደግፍበት አንድ ጥርሳም ብረት አለኝ። ልጆቼ ስንቴ ሊጥሉት ሲሉ አስጥያቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ያ የድሮው የግራሶ ሽታ ሽው አለኝ። ይኼን ሁሉ ዓመት የሚቆይ ሽታ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ብቻ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ያን ጊዜ ከመካነ ኢየሱስ ወገዳ በፒካፕ ጨውና አቡጀዲ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። መንገድ ተብሎ የሚጠራው ድንጋይ የመኪናዋን ሆድ እየፋቀ ቢያስቸግረው፣ ሠርጋችን ሲቃረብ ከፍ እንድትል ትልልቅ ጎማ አደረገላት። አቤት ኩራቱ! ሰው ሥራ ፈቶ ሊያያት ይወጣ ነበር።

መካኒኩ ግን አልወደዱለትም። ገበያው ዳር የሚሠሩ፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ አዛውንት ነበሩ። ያሉትን እሱ ራሱ ነው በኋላ እየሳቀ ደጋግሞ የነገረኝ። «ልጄ፣ ጎማው ሲያድግ ለሞተሩ ሸክም ነው። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን፣ ጎማውን የሚያዞረውን ጥርስ በጎማው ልክ ካልቀየርክላት ሜዳውን ትሮጥልሃለች፣ ዳገት ላይ ትለግምብሃለች።» አዲሱ ጥርስ ከአስመራ ታዝዟል፤ የሚደርሰው ግን ከፋሲካ በኋላ ነው። ሠርጉ ደግሞ ጾም ሳይገባ፣ በጥር መሆን ነበረበት። «አባባ፣ አንድ ቀን ብቻ ናት፤ ትችላለች» አላቸው። ጉረኛ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።

ጉራው በዚህ አላበቃም። በኛ አገር ሙሽራ ከቤተሰቧ ወጥታ ባሏ ቤት እስክትገባ እግሯ መሬት አይነካም። በቅሎ ላይ ትቀመጣለች፣ ሲያስፈልግም ሚዜ ያዝላታል። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ አጎቴ «ልጄ በመኪና አትሄድም» ቢሉ፣ እሱ በሽማግሌዎች ፊት «እግሯን መሬት ሳላስነካ አደርሳታለሁ» ብሎ ቃል ገባ። አጎቴም «እንግዲያው እከተላችኋለሁ። መኪናህ ከቆመች በበቅሎዬ አፈናጥጬ ቤቴ እመልሳታለሁ» አሉት። የሚቀልዱ ሰው አልነበሩም። እኔ ደግሞ እወደው ነበር፤ ያን ጊዜ ይኼ ለማንም አይነገርም።

ከኛ ቤት፣ ከወገዳ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ስንወጣ ሚዜዎቹ ከኋላ ተጭነው ይዘፍኑ ነበር። በታጨደው የገብስ ማሳ መሃል አቧራችን ይነሳል፤ መንገዱ እንደዚያ ስለሆነ የአጎቴ በቅሎም ብዙ አልራቀችንም። ትልቁ ዳገት ላይ ስንደርስ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። እሱ ማርሽ ቀነሰ፣ እንደገና ቀነሰ። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሸተተኝ። ቆመች። ሚዜዎቹ ወርደው ጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉና ገፉ፤ አንድ ክንድ ያህል ተነቃንቃ መልሳ ቆመች። ዘፈኑም ቆመ። በዓይነ ርግቤ ሥር ሆኜ የበቅሎዋ ኮቴ ሲቀርብ ሰማሁ።

«እንግዲህ ቃል ቃል ነው» አሉ አጎቴ። «ነይ ልጄ።»

በኔ በኩል ያለው በር ተከፈተ። አጎቴ ናቸው ብዬ ስፈራ፣ ባለቤቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጢጥ ብሏል። ሚዜው ደንግጦ «ኧረ ይኼ የኔ ሥራ ነው! ሙሽራ ራሱ ያዝላል እንዴ?» ሲል «ያጠፋሁት እኔ፣ የምሸከመውም እኔ» አለው።

አዘለኝና ዳገቱን ያዘው። አንገቱ ሳሙናና ግራሶ ይሸት ነበር። ትንፋሹ ጆሮዬ ሥር ይቆራረጣል፤ ድንጋዩ ከጫማው ሥር ይንሸራተታል። እኔ እግሬን ሰብስቤ «እመቤቴ፣ አታስጥይው» እላለሁ። መሃል ላይ ቆም አለና በቀስታ «ጥርሴ አልተቀየረም፤ በአንደኛ ማርሽ ነው የምወጣው» አለኝ። ሙሽራ ታለቅሳለች እንጂ አትስቅም። ነጠላዬን ነክሼ ሳቅሁ።

ጫፍ ስንደርስ ዞር ብዬ አየሁ። አጎቴ ከበቅሏቸው ወርደው፣ ልጓሟን ይዘው በእግራቸው ሲከተሉን ነበር የመጡት። «ይኼ ልጅ ከመኪናው ይሻላል» አሉ፤ በቅሎዋንም ለኔ ሰጥተው እስከ ቤቱ በእግራቸው ሸኙን።

ከፋሲካ በኋላ ጥርሱ መጣ። መካኒኩ ቀየሩትና አሮጌውን «ለማስታወሻህ» ብለው ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ፒካፕዋ ያን ዳገት ሳትደክም ትወጣው ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ትንሽ ቅር ይለኝ ነበር፤ አልነገርኩትም። ብነግረው ምን ነበረበት?

አምና፣ የባለቤቴን ተዝካር ካወጣን በኋላ፣ ወገዳ ደርሼ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ዳገቱ ሲመጣ መስኮቱን ከፍቼ ተዘጋጀሁ። ሾፌሩ አንዴ ማርሽ ቀነሰና ወጣው፤ አለቀ። ራሴን በመስኮቱ አውጥቼ ወደ ኋላ ሳይ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ ልጄ» አልኳት፤ በልቤ ግን ምነው እዚህች ላይ ትንሽ በቆመችልኝ ብዬ ነበር።