ሀገር ስጪኝ

የብርጓል የምትኖረው ቁይ አጠገብ ባለች መንደር ነው፤ ስሟን ያስጠራው ግን አፏ ነበር። ሰርግ ላይ ሙሽራውን የምትተርብ እሷ፤ ሽማግሌዎች ነገር ሲጠፋባቸው በአንዲት ተረት መንገዱን የምታሳያቸው እሷ። ገበያ ላይ እሰጥ አገባ የገጠማት ነጋዴ ተሸንፎም ስቆ ነበር የሚሄደው። በእንቆቅልሽማ ወደር የላትም! ዝምተኛው ባሏ ዘመነ በአርባ ዓመት ትዳር አንዴም ረትቷት አያውቅም። መልሱ በጠፋው ቁጥር እንደ ደንቡ ሀገር ይሰጣታል፤ ደጀንን ብቻ ስንት ጊዜ እንዳስረከባት እግዜር ይወቀው። እሷም ሀገሩን ትቀበልና ስድቡን ታወርድበታለች፤ ጨዋታው ይኸው ነው።

ግንቦት ላይ ስትሮክ መታት። ደብረ ማርቆስ ታክማ ስትመለስ እግሯ ዳነ፤ ምላሷ ግን እምቢ አለ። ውሃ ልትል ስትል "ሙቀጫ" ይላል። "አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል" እያለች በሰው ስትስቅ የኖረች ሴት፣ ተረቱ በራሷ ላይ ደረሰ። አፈረች። ጠያቂ ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ሐኪሙ "ካልተናገሩ ይብሱን ይጠፋብዎታል" ብሏት ነበር፤ እሷ ግን የሰው መሳቂያ ከምትሆን ዝም ብላ መሞትን መረጠች።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ዘመነ በዝናብ ከእርሻ ተመልሶ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"እንቆቅልሽ!" አላት።

"ምን አውቅልህ" አለች፣ ሳታስበው። ሁለቱም ደነገጡ።

"ሲዘንብ ትነሣለች፣ ሲያባራ ትተኛለች።"

ጃንጥላዋ በሩ ላይ ተንጠልጥላ ታንጠባጥባለች። የብርጓል አየቻት፤ ስሟ ግን ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ባታውቀው ባልከፋት፤ የሚያቃጥለው እያወቁ ማጣቱ ነው።

"እንግዲያ ሀገር ስጪኝ።"

ታገለች። "ደ... ደ... ደጀን።"

ዘመነ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ሀገር አገኘ። ጉሮሮውን ጠረገ። "ደጀን ሄጄ ምን አጥቼ! ጠጁን ጠጥቼ፣ ቁርጡን በልቼ... አንቺ ግን..." ስድብ ፈለገ፤ አጣ። "አንቺ ግን... እዚሁ ከእኔ ጋር ትቀመጫለሽ።"

የብርጓል ቀና አለች። አርባ ዓመት ሙሉ ስትሰድበው ኖራ የተማረው ይኼንን ነው? ንዴቱ ከሆዷ ገንፍሎ ወጣ።

"ይሄ... ይሄ ደግሞ ምኑ ስድብ ነው!"

ዘመነ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ሳቀ።

"እንግዲያ አንቺ ስደቢኝና ልስማ" አላት።