ያለ ዋስ የገባሁበት ቅዳሜ

ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ ፐርሶኔል ክፍል ስሠራ ከነበረኝ ሥልጣን ሁሉ ትልቁ ማኅተም መምታት ነበር፤ እሱንም ኃላፊው ሲፈቅድልኝ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕድሜዬ ላፕቶፕ ላይ «ደረጃ ጨምር» የሚል ሰማያዊ ቁልፍ ባገኝ ምን እንደምሆን አስቡት። ጫንሁት። ደረጃ ተጨመረ። ደግሜ ጫንሁት። ብቻዬን ሳቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጣና ላይ እምቦጭ የምንነቅል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ፋሲሎ ሰፈር ካለችው ቢሯችን በአውቶቡስ ተነሥተን በይፋግ በኩል ወዳለው ዳርቻ እንሄዳለን፤ ውኃ ውስጥ ገብተን አረሙን በእጃችን እየነቀልን ወደ ዳር እንጎትታለን። እኔ እነቅላለሁ ስል ሰው ይስቃል። አምና ሁለት ጊዜ ጭቃ ይዞኝ ቀርቶ ራሴ ተነቅያለሁ፤ የነቀሉኝም ሰዎች ከእምቦጩ ይልቅ የእኔ ሥር ጠልቆ እንደነበር መስክረዋል።

ይህ ወሬ ኮሚቴው ጆሮ ገባ። ሰብሳቢያችን ነርስ ናት፤ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ በትሕትና የምትገድል ሴት። አንድ ቀን ቢሮ ጠርታ አስቀመጠችኝና ኮሚቴው የክብር አባል ሊያደርገኝ እንዳሰበ ነገረችኝ። የክብር አባል የምስክር ወረቀት ይቀበላል፣ ቅዳሜ ቢሮ ይውላል፣ ሐይቅ የሚገባው ሌላው ነው። እሷ በፈገግታ ነው የነገረችኝ። ለእኔ ግን በቁሜ ተዝካሬን ያወጣችልኝ ያህል ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከቤቴ ውጭ «የት ቀረ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ያለው ቅዳሜ ብቻ ነው።

ተለማመጥኋት። በዚያው ሰሞን አንድ ድርጅት የበጎ ፈቃደኞች ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በነጻ ሰጥቶን፣ የሚያዘጋጀው ሰው ጠፍቶ ተቀምጦ ነበር። አዲስ ገቢ ስልኩ ላይ ይመዘገባል፣ ደረጃ በደረጃ ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ ቁጥር ያገኛል፤ ቁጥር ያለው ሰው አውቶቡስ ላይ ይወጣል። እኔ አዘጋጀዋለሁ አልሁ። ለሚመጣው ቅዳሜ ከደረሰና ከሠራ እንደ ድሮዬ ሐይቅ እገባለሁ፤ ካልሠራ የምስክር ወረቀቴን ተቀብዬ አርፌ እቀመጣለሁ። ቶሎ ተስማማች። አስተያየቷን ሳየው ወረቀቱ ታትሞ ያለቀ መሰለኝ።

ሳምንቱን በአንድ ጣት ስጽፍ ሰነበትሁ። ስም፣ ስልክ፣ የጤና ሁኔታ፣ ከዚያ የቦቲና የጓንት አጠቃቀም ቪዲዮ። ቪዲዮው ላይ ቦቲ የማጠልቀው እኔ ነኝ። ግራውን በቀኝ እግሬ አጥልቄ ኖሯል፤ ለማስተማሪያነት ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ ተውሁት።

ይሄኔ አሮጌው የፐርሶኔል ዛር ተነሣብኝ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያለ ዋስ አንድ ሰው አላስቀጠርሁም። ጥበቃ ይሁን መሐንዲስ፣ ዋስህን አምጣ ነው። ባለቤቴ ለሠርጋችን ሚዜዎቹን ሳይቀር ዋስ አስጠርቷል እያለች ታማኛለች፤ ሐሰት ነው፣ የጠየቅሁት አንደኛውን ብቻ ነው። እናም የመጨረሻ ደረጃ ጨመርሁ፦ ቁጥር ያለውና ሐይቅ የሚገባ ንቁ አባል ዋስ ይሁንዎ፣ የዋስዎን ቁጥር ያስገቡ። አጠገቡ ቀይ ኮከብ አደረግሁ፤ ቀይ ኮከብ ያለውን ሳይሞሉ ማለፍ የለም። ሰብሳቢዋ ለነጻ ጉልበት ደግሞ ዋስ ምን ያደርጋል ብላ ተከራከረች። አምና ከነሰዎቹ የጠፉትን ቦቲዎች አስታወስኋት፤ እሺ ይሁን አለች። እሺታዋ የልብ ልብ ሰጠኝና የፋብሪካውን ሕግ አከልሁበት፦ ዋሱ ንቁ አባል መሆኑ ከቀረ፣ ዋስ የሆነላቸው ሰዎች ሁሉ ቁጥራቸው ይታገዳል።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አርባ የሚሆኑ አዲስ ሰዎች ግቢውን ሞሉት። የኮሌጅ ተማሪ አለ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከነሚስቱ አለ። አውቶቡሱ የሚነሣው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ትንሽ ቆይቶ ሳቅ ተነሣ፤ ቦቲዬ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው። እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መንጎራደድ ጀመርሁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ሁሉም አንድ ላይ ቀና አሉ። ዋሱ ላይ ደርሰዋል።

ይህን አስቤበታለሁ። የድሮ አባላት አውቶቡሱ አጠገብ ቆመዋል፣ ሂዱና ቁጥር ለምኗቸው አልሁ። ሄዱ። ተመለሱ። የድሮ አባላት ቁጥር የላቸውም። እንዴት ይኖራቸዋል? እነሱን የሚያውቃቸው የቢሮው የወረቀት መዝገብ እንጂ ሲስተሙ አይደለም። እነሱም እንደ አዲስ ሊመዘገቡ ነው፣ ሊመዘገቡ ደግሞ ቁጥር ያለው ዋስ ሊያመጡ ነው፣ ቁጥር ያለው ሰው በዓለም ላይ የለም።

ከአዲሶቹ መካከል ገበያ ላይ ጨርቅ የምትነግድ ሴት ነበረች፤ ሂጃቧን አጥብቃ፣ የራሷን ቦቲ በፌስታል ይዛ የመጣች። ስልኳን እንደያዘች ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ የእርስዎን ቁጥር ይስጡኝ።»

«የለኝም» አልሁ።

«ለምን?»

«ዋስ የለኝም።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ይሄን የጻፉት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ።»

«እና ውጭ ሆነው ነው በሩን የቆለፉት?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ፣ ግማሹ ድንጋጤ ነበር። ሰብሳቢዋ ብቻ አልሳቀችም። ወደ ቢሮ ገብታ መሳቢያ ስትከፍት ሰማሁ፤ በመሳቢያው ውስጥ ምን እንዳለ አላጣሁትም። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ።

ነጋዴዋ ሳትጠየቅ አጠገቤ ተቀመጠችና ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረችው። ገበያ ላይ መጀመሪያ ሱቅ የከፈተውን ሰው ማንም አያውቀውም፣ እሱ በድፍረቱ ይገባል፣ ሌላው በእሱ ይገባል አለችኝ። ሲስተሙን የሚያዘው ሰው ያለ ዋስ የሚያስገባበት መንገድ የለም ወይ ስትል ጠየቀችኝ። አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሳየው ነበር፤ እንደ ኃጢአት ቆጥሬ ነው ያለፍሁት።

ስሜን ጻፍሁ። «ያለ ዋስ ፍቀድ» የሚለውን ጫንሁ። ሲስተሙ መልሶ ጠየቀኝ፦ ይህን ሰው በራስዎ ኃላፊነት ማስገባትዎን ያረጋግጣሉ?

ጣቴ አየር ላይ ቀረ።

«ይጫኑት እንጂ» አለች ነጋዴዋ። «ሰውየውን አያውቁትም?»

«ችግሩ ማወቄ ነው።»

እውነቴን ነው። ይህ ሰው የፋብሪካው ቢሮዬ ቢመጣ ፋይሉን አጥፌ ወደ ቤቱ እሸኘው ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ጫንሁት። ስከፍተው ስሜ አረንጓዴ ሆኗል፤ ቁጥር አንድ፣ ንቁ አባል። ወንበር ላይ ልወጣ ስል ጉልበቴ እንቢ አለኝና ከመሬት ላይ ሆኜ «አንድ በሉ!» ብዬ ጮኽሁ። አዲሱም የድሮውም አንድ አለ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አውቶቡሱ ሞላ፣ እኔም በሠላሳ ዓመት ካስጠራሁት ዋስ ሁሉ የበለጠ ዋስ ሆንሁ።

ሰብሳቢዋ ፖስታ ይዛ ወጣች። ሲስተሙ መሥራቱን አመነች፤ ቃሏንም አላጠፈችም፣ የዛሬውን ይሂዱ አለችኝ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ግን ለጤናዬ ብላ የክብር አባል ታደርገኛለች። እንዲያውም አሁኑኑ ብላ ላፕቶፑ ላይ አቀረቀረች፤ ስሜን አግኝታ «የክብር አባል» የሚለውን ጫነች። ማስጠንቀቂያ በቀይ ወጣ። ይህ አባል ንቁ መሆኑ ከቀረ ዋስ የሆነላቸው ሁሉ ይታገዳሉ። ሥሩ ላይ የሙሉ አውቶቡስ ሰው ስም ተዘርዝሯል፤ የራሷም አለበት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሆን ብለው ነው አይደል?»

በሕይወቴ እንዲህ ብልጥ መስዬ ለሰው ታይቼ አላውቅም፤ እንዴት ብዬ ላበላሸው? ቦቲዬን አንሥቼ ወደ አውቶቡሱ አመራሁ። ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከጉልበትዎ በላይ ውኃ እንዳይገቡ ብላ አስምላ አሳፈረችኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አውቶቡስ ውስጥ ገብቷል። ይፋግ እስክንደርስ ሲያፌዙብኝ ሄዱ፤ ዳርቻው ላይ ስንወርድ ግን ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ብብቴን ያዙኝ። እኔ ከወደቅሁ እነሱም መታገዳቸው ነዋ። ነጋዴዋ ከኋላ ሆና «ዋሳችንን ቀስ!» ትላለች። እንዲህ ታቅፌ እንደ ሙሽራ ጣና ገባሁ። ውኃው ጉልበቴን አለፈ። ሰብሳቢዋ ከዳር ሆና ስትጣራ አልሰማኋትም፤ ጆሮዬ በዚህ ዕድሜ እየመረጠ ነው የሚደክመው።