የዘነበለው ደመና

ኦቲልያ በቶሩን ከተማ፣ በከዋክብት መካከል የሚንሳፈፍ የጋዝ ደመና እንዴት ጓል ጓል እየሆነ እንደሚቋጠር በኮምፒውተር የምታሰላ ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ መጠበቅ አይሆንላትም፤ ዳቦ ስትጋግር እንኳ ምድጃውን ደጋግማ ትከፍታለች።

ኮምፒውተሩ ደመናውን በትንንሽ ሣጥኖች ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው። በመጪው ሰኞ ውጤቷን ለዩኒቨርሲቲዋ መምህራን ልታሳይ ስትሰናዳ፣ ጓሎቿ እንደ ተተከለ ጎመን በረድፍ መቆማቸውን አየችና ደነገጠች። የፈጠሯቸው ሣጥኖቹ ቢሆኑስ? ደመናውን አዘንብላ ስሌቱን እንደገና አስጀመረች። እውነተኛ ጓል ከደመናው ጋር አብሮ ይዘነብላል፤ የሐሰቱ ግን ከሣጥኖቹ ረድፍ አይወጣም።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃታት። ኮቷን ለብሳ ትወጣለች፣ ደረጃው ጋ ሳትደርስ ትመለሳለች። ለምሳ ያመጣችው ፒዬሮጊ የሚሉት አይብ የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

«አንቺ ልጅ፣ ምጥ የያዘሽ እኮ ነው የምትመስይው» አላት የሥራ ባልደረባዋ ቪቶልድ። «ብታፈጥጪበትም ስሌቱ አይፈጥንም።»

«አንተ ምን አለብህ፣ ያንተ ጓል አይደለም።»

«የኔማ ጓል ይኸው» ብሎ ከሳህኗ አንድ ፒዬሮጊ አነሳ።

ማምሻውን ስሌቱ አለቀ። ጓሎቹ እዚያው ረድፋቸው ላይ ቆመዋል። ሁለት ብቻ ከደመናው ጋር ዘንብለዋል።

«ሰኞ ምን ልትይ ነው?» አላት ቪቶልድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሁለት አገኘሁ እላለኋ» አለችና ተቀምጣ ሳህኗን ሳበች። የተረፋት ፒዬሮጊ አንድ ብቻ ነበር።