እትዬ ጆሮ እና የማይፈነዳው ቆባ

ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው የምርምር ጣቢያው ዘበኛ ነው። ከሰዓት በኋላ በማድረቂያው ክፍል በር ሲያልፍ፣ በወረቀት ከረጢቶች ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ያገኛቸዋል። በየከረጢቱ የደረቀ የአኩሪ አተር ቆባ አለ። ሙቀቱ ሲበረታ ቆባው ጧ ብሎ ይፈነዳል፤ ፍሬው ወረቀቱን ይመታል። እሳቸው መዝገባቸው ላይ አንድ ሰረዝ ያሰምራሉ።

«ዛሬስ ምን ሲሉ ዋሉ፣ እትዬ ጆሮ?»

«አንተን ሲያሙ!» ይሉታል ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሥራቸው ይኸው ነበር። ገበሬ አጨዳውን ጥቂት ቀን ካዘገየ ቆባው ማሳው ላይ ይፈነዳና ምርቱን አፈር ይበላዋል። የማይፈነዳ ዘር ለማውጣት ደግሞ የትኛው ተክል እንደሚፈነዳ፣ የትኛው ፍሬውን ይዞ እንደሚቆይ ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

እኔ የገባሁት ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩበት ዓመት፣ ለላቦራቶሪ ሥራ ነው። ዶክተራችን ከእኔ በአምስት ዓመት ቢበልጥ ነው። አንድ የሚፈነዳና አንድ የማይፈነዳ አኩሪ አተር አዳቅሎ፣ ሁለት መቶ አርባ ልጆቻቸውን በአሥራ ሁለት ትልም አስተክሎ ነበር። እትዬ ጆሮ የእያንዳንዱን ጠባይ ይመዘግባሉ፤ እኔ ከእያንዳንዱ ቅጠል ቀጥፌ ዘረመሉን አነባለሁ። ከዚያ የማይፈነዱት ሁሉ በጋራ የወረሱት ቁራጭ የትኛው ክሮሞዞም ላይ እንደተቀመጠ ኮምፒዩተሩ ይፈልጋል። ቦታው ከታወቀ ቆባ እስኪደርቅ መጠበቅ ቀረ፤ ገና በቡቃያው ከቅጠሉ መለየት ይቻላል።

ካርታው በስክሪኑ ላይ ወጣ። የቁራጩን ቦታ የሚያሳይ ትልቅ ኮረብታ ስንጠብቅ እዚህም እዚያም ጥቃቅን ጉብታ ብቻ ሆነ፤ የሚታመን አንድም የለም።

ዶክተሩ እትዬ ጆሮን አስጠራቸው። «እትዬ፣ ቆጠራውን እንጥለዋለን። በሚቀጥለው ወቅት በመሣሪያ እንለካለን። እርስዎም ትንሽ ይረፉ፤ መጋዘን ውስጥ ቀለል ያለ ሥራ አለ» አላቸው።

መዝገባቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ። የሃያ ሁለት ዓመት ጆሮ በአንድ አፍታ አይሰማም ተባለ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«እኔ የምለው፣ ዶክተር፣ ይሄ ቅጠል አበባዋ ነጭ ትሁን ሐምራዊ ይናገራል?»

«ይናገራል። የአበባው ቀለም ቦታ ድሮ የታወቀ ነው። ምነው?»

«እንግዲያስ ቆባውን ይተዉትና አበባውን እንጠይቀው። አበባ እንደሆነ በጆሮ አይቆጠርም።»

ለካ መዝገባቸው ጠርዝ ላይ፣ ከየቁጥሩ ጎን «ነ» ወይም «ሐ» ተጽፏል። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማወቅ ስለወደዱ ብቻ ነው። እሳቸው ያነባሉ፣ ዶክተሩ ከስክሪኑ ይመልሳል። የመጀመሪያው ትልም ሃያውም ገጠመ። ሁለተኛው ተዘበራረቀ፤ ግማሹ ይገጥማል፣ ግማሹ አይገጥምም። ሦስተኛው ገጠመ። አራተኛው ተበላሸ። አምስተኛውም ሲገጥም ዶክተሩ ጭንቅላቱን ማከክ ጀመረ።

«እንዴት ያለ ዓይን ነው፣ አንዱን ትልም አይቶ አንዱ ላይ የሚታወር?» አሉ እትዬ ጆሮ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጄ፣ ቅጠሉን ስትቀጥፍ ከየት ነበር የምትጀምረው?»

«ከትልሙ ጫፍ፣ ከችካሉ» አልኩ። የበረዶ ሣጥኑን በወዲህኛው ጫፍ፣ ጥላ ሥር አስቀምጬ ነበር። አንዱን ትልም ስጨርስ ቅጠሉን ላስገባ እመለሳለሁ፤ ቀጣዩንም ከዚያው ጫፍ መቁጠር እጀምራለሁ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ወይ አንተ! የምንተክለው እኮ እንደ አራሽ ነው፤ ጫፍ ደርሰን እዚያው እንዞራለን። ከሃያኛው ጎን ያለው ሃያ አንደኛው ነው። በሬ ትልሙን ሲጨርስ በሮ ይመለሳል እንዴ?»

ችካሉ ላይ የተጻፈው የትልሙ ቁጥር ብቻ ነበር። የጣቢያው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ማን ይጽፈዋል? እኔም አልጠየቅሁም። ዲግሪ ይዤ፣ ትልም ከየት ይቆጠራል ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ፣ ያን ቀን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ዶክተሩ ወደ ስክሪኑ ዞረ። የሁለተኛውን፣ የአራተኛውን፣ እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ አንድ አንድ ትልም እያለፈ፣ የቅጠሎቹን ቁጥር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገለበጠና ኮምፒዩተሩን ሥራውን አስደገመው። ኮምፒዩተሩ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ከሜዳው መሃል አንድ ኮረብታ ቀጥ ብሎ ወጣ።

እትዬ ጆሮ ጣታቸውን ወደ ጫፉ ዘረጉ፤ ስክሪኑን ግን አልነኩትም። «እዚህ ነው የሚኖረው? ይህን ሁሉ ዓመት ድምፁን እየሰማሁ ቤቱን ሳላውቀው!»

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥፋቱ ከእርስዎ አልነበረም» አለ ዶክተሩ።

«ይቅርታው ይደርሳል። መቶ አርባ ሰባተኛዋን ተክል እስቲ ይዩልኝ።»

ፈለጋት። «ያንን ቁራጭ አልወረሰችም። መፈንዳት አለባት።»

«አንድም ቆባ አልፈነዳባት። ሦስት ጊዜ አድርቄያታለሁ።»

ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን ኖሮ «ቆጠራው ተሳስቷል» ባላቸው ነበር። ዶክተሩ ግን አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ መዝገቡን አየ። ከዚያ ተነሥቶ የራሱን ወንበር ለእሳቸው ሳበላቸው።

«እርስዎ ምን ይላሉ?» አላቸው።

እትዬ ጆሮ ተቀመጡ። «ሌላ ቦታ ቆባዋን የሚይዝላት ነገር አለ እንጂ!» አሉ፤ መዝገባቸውን ገልጠው እርሳስ ይፈልጉ ጀመር።