ከእኔ ጋር የተሰደደው አባ ኮዳ

ከሐዋሳ የወጣሁ ዕለት ማታ ቤታችን ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ባህል አዳራሽ ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤታችን ጎረቤቱን አልችል ብላ፣ ሰዉ በረንዳውን ሞልቶ እስከ አጥሩ በር ተቀምጧል። የሚያለቅሰው ያለቅሳል፣ የሚመርቀው ይመርቃል፣ እናቴ ደግሞ ከገብርኤል ያስቀዳችውን ጠበል በሃይላንድ ሞልታ በሻንጣዬም በእጅ ቦርሳዬም፣ ባገኘችው ክፍተት ሁሉ ትሰገስጋለች።

«ጽጌ፣ ይሄን ሁሉ ውሃ የምትሸከሚው ኖርዌይ ውሃ የለም ብለውሽ ነው?» አሉ ጋሽ ማርቆስ ከበሩ ሲገቡ።

ጋሽ ማርቆስ እዚያው ሐዋሳ ፒያሳ ላይ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ያላቸው፣ ሙያውን ያስተማሩኝ፣ እንደ አባት የያዙኝ ሰው ናቸው። ፕሮቴስታንት ናቸውና እሳቸው በጠበሌ፣ እኔ በዝማሬያቸው ጩኸት ስንቀላለድ ኖረናል። ያን ማታ ግን ቀልዱ አልበረከተም። ከኪሳቸው ፍላሽ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡና ጣቶቼን አጠፉልኝ።

«የሠራሽው አርማ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ዲፕሎማሽ ይሄ ነው፤ እንዳትጥዪው። ጌታ ካንቺ ጋር ይሁን።»

እናቴ ጠበሉን፣ ጋሽ ማርቆስ ፍላሹን። በሁለቱም ስጦታዎች አፈርኩ፤ ወይም ስጦታዎቹ በእኔ አፈሩ፤ የቱ እንደሆነ ዛሬም አልለየልኝም።

በጠበሉ ያፈርኩት ፍራንክፈርት ላይ ነው። አውሮፕላን ስቀይር ፈታሹ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ያዘና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጠበል ነው። ሆሊ ዋተር።»

«ቅዱስም ቢሆን በዛ። ወይ ጣዪው፣ ወይ ጠጪው።»

በአውሮፕላን የሰጡኝን ቁርስ ጥርግ አድርጌ ከበላሁ ገና ብዙ አልቆየሁም ነበር። ጠበል በባዶ ሆድ እንደሚጠጣ እናንተም ታውቃላችሁ። ግን የገብርኤልን ጠበል ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዴት አድርጌ ልድፋው? ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እያየኝ፣ በልቼ ጠጣሁት። ስደቴ እንዲህ በድፍረት ኃጢአት ተጀመረ።

ባለቤቴ ዮናስ ቀድሞኝ በርገን የምትባል ከተማ ገብቶ ነበር። የሐዋሳ ዝናብ ይቆጣል፣ ይጮኻል፣ ይወጣለታል፤ ከዚያ የታቦር ተራራ ታጥቦ ብቅ ይላል። የበርገን ዝናብ ግን እንደ አኩራፊ ሰው ነው፤ ድምፁን ሳያሰማ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ዓሣ ይበላሉ፣ ይህ እንኳን እንደኛ ነው ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል! ዓሣው ዓይን የለው፣ አጥንት የለው፣ እንደ ሳሙና ተቆርጦ በላስቲክ ታሽጓል። ዳጣ የለ፣ በእጅ መፈልቀቅ የለ። ወጥ የሠራሁ ቀን ደግሞ አከራያችን በሩን አንኳኳ።

«የሚቃጠል ነገር አለ?»

«የለም፣ ቁሌት ነው።»

«መቼ ያልቃል?»

«ኧረ ገና ሽንኩርቱ ነው» አልኩት። ራሱን ይዞ ሄደ።

በፍላሹ ያፈርኩት ግን እንዲህ የሚሳቅበት አይደለም።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥል ነበር። «ከራስሽ እንዳትጨምሪ» ይለኝ ነበር ቀለም ስበጠብጥለት። የእመቤታችንን ሥዕል የሚሥል ሰው ከፊተኛው ሥዕል እጥፋት አይቀንስም፣ ጣት አያስረዝምም። ጋሽ ማርቆስ ዘንድ ስቀጠርም ይህን ይዤ ገባሁ፤ ቅንጣት ሳያዛንፉ መቅዳት ታማኝነት ይመስለኝ ነበር። ጊዜው ወጣቱ በጥቃቅንና አነስተኛ የሚደራጅበት ነበር። ማኅበር ሲቋቋም ማኅተም ይፈልጋል፣ ማኅተሙ አርማ ይፈልጋል፣ አርማው ደግሞ ለነገ ነው የሚፈለገው። ደንበኛው ኮፍያ ወይም የብስኩት ካርቶን ይዞ ይመጣና «ልክ እንደዚህ፣ ግን የኛ ይሁን» ይላል። እኔም ስካን አድርጌ በኮምፒውተር በላዩ ላይ ነጥብ በነጥብ እሄድበታለሁ። ቬክተር የሚባለው ይህ ነው፤ ሥዕሉ የሚያዘው በነጥቦችና ነጥቦቹን በሚያገናኙ መስመሮች ስለሆነ ከማኅተም ወደ ሕንፃ ቢያሳድጉት ጠርዙ አይፈርስም። ከዚያ ቀለሙን እንቀይራለን። ቀለሙ ከተቀየረ የኛ ነው፤ የፒያሳ ሕግ ይህ ነበር።

እንግዲህ ያን ፍላሽ ይዤ ነው ሥራ ፈላጊ ስደተኞችን የምታማክር ኢንግሪድ የምትባል ሴት ፊት የተቀመጥኩት።

«ይሄ የንብ አናቢዎች ማኅበር ነው» አልኳት በተሰባበረ ቋንቋዬ።

«ይሄ የመኪና አርማ ነው» አለችኝ።

«የመኪናው ሰማያዊ ነው። የኛ ቢጫ ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«መዋዕለ ሕፃናት። ሐዋሳ ውስጥ በጣም የታወቀ።»

ከቦርሳዋ የባንክ ካርዷን አወጣችና ከስክሪኑ ጎን ያዘችው።

«አንድ ናቸው!» አልኩ ደስ ብሎኝ፤ ያመሰገነችኝ መስሎኝ። «ይቺን ኩርባ እያት፣ ፀጉር ታህል አላዛነፍኩም።»

ኢንግሪድ ካርዷን ቀስ ብላ መለሰች። «ጽጌ፣ ከነዚህ ውስጥ ከራስሽ ያመጣሽው የትኛውን ነው?»

እኛ ዘንድ «ከራሷ አመጣችው» የሚባለው ዋሾ ሴት ናት። ስለዚህ ቀና ብዬ፣ በኩራት፣ «ከራሴ ያመጣሁት አንድም የለም» አልኳት።

ከዚያ ፊቷን አየሁ።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። እያንዳንዱ አርማ የሳለው ሰው እንዳለው፣ ባለቤት እንዳለው፣ ቀለም መቀየር ከተጠያቂነት እንደማያድን ለሕፃን እንደሚነገር አስረዳችኝና «ይሄን ፍላሽ ለማንም እንዳታሳዪ» አለችኝ። ሌብነት የሚለውን ቃል እሷ አላነሳችውም፤ በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤት ስመለስ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አሥሩን ትእዛዛት በቃሌ የምወጣ ሴት! «ጋሽ ማርቆስ ያውቁ ነበር?» አለኝ ዮናስ ማታ። አያውቁም፤ እኔም አላውቅም፤ ቀድተን የሰጠነውም ሁሉ መርቆን ነበር የሄደው።

ኢንግሪድ ግን አልጣለችኝም። ኡላቭ የሚባል፣ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ያለው ሽማግሌ ዘንድ ለሙከራ ላከችኝ። በዚህ አገር ሽማግሌውም ሕፃኑም «ዱ» ነው፣ አንተ። አፌ እንቢ ይለኛል። ኡላቭ በገባ ቁጥር ብድግ ስል «እሳት ተነሳ እንዴ?» ይለኝ ነበር። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እርሳስ አስያዘኝ።

«በዛ» ይላል የሳልኩትን አይቶ። «አንድ መስመር አጥፊ። አሁንም አጥፊ። ምን እንደሆነ መታወቁ እስኪቀር አጥፊና የመጨረሻዋን መልሺ።»

አንድ ዓሣ ነጋዴ ለሱቁ አርማ ሲፈልግ ኡላቭ «አንቺ ሞክሪው» አለኝ። ቁጭ አልኩ። ዓሣ ሲባል የመጣልኝ የበርገን ዓሣ አይደለም፤ የሐዋሳ ሐይቅ ዳሩ አሞራ ገደል ነው። ጀልባዎቹ ሲደርሱ፣ ሴቶቹ ዓሣ ሲልጡ፣ ያ መላጣው ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ ካባውን ደርቦ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ቀብር ላይ እንደቆመ ባላባት አንጀት እስኪጣልለት የሚጠብቀው። ጀርባውን በአንድ ኩርባ፣ ምንቃሩን በአንድ መስመር፣ እግሮቹን በሁለት አወጣሁት። አጠፋሁ፣ አጠፋሁ፣ የመጨረሻዋን መለስኩ።

ዓሣ ነጋዴው ሲያየው ሳቀ። «አማቴን ይመስላል። ወስጄዋለሁ!»

ኡላቭ ግን ወደ ጎን ሳበኝ። «ከየት ቀዳሽው?»

«ከአሞራ ገደል።»

«ኩባንያ ነው?»

«የዓሣ ገበያ ነው። ወፎቹ እዚያ ቆመው ይለምናሉ።»

«ሥዕሉ ያንቺው ነው? ሌላ ቦታ የለም? ለሌላስ አትሰጪም?»

«ቃሌ ነው» አልኩት። በዚያው ሳምንት ቀጠረኝ።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ የሚያውቀው ቀድቶ የኖረ ሰው ብቻ ነው። ደስታ ሲሆን ደግሞ የሰው አገር ወግ ይረሳል። እሸት ሲደርስ ለማን ይቀመሳል? ለመረቀ፣ ላስተማረ። የመጀመሪያ እሸቴን ለጋሽ ማርቆስ በኢሜይል ላክሁ። ሥዕሉን ብቻ ብልክ ምን ነበረበት! ነጥቦቹ እንዴት ጥቂት እንደሆኑ እንዲያዩልኝ ዋናውን ፋይል ላክሁት። የእሳቸውን ደስታ እንጂ የሰጠሁትን ቃል አላሰብኩም።

ለትንሣኤ እንኳን አደረሰዎ ልል ስደውል ጋሽ ማርቆስ ሰላምታዬን አላስጨረሱኝም።

«ወፍሽ ሐይቅ ዳር ቆሟል! አንዱ ዓሣ ቤት ጣራ ላይ ሰቀልኩት። ካኔተራ ላይ አለ፣ ባጃጁ ሁሉ ለጥፎታል፣ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ማኅተም አስቀርጿል። ለሁሉም የኛ ልጅ ሥራ ነው እላቸዋለሁ።»

በማግሥቱ ኡላቭ ፊት ቆምኩ፤ ዝም ብል ከእሱም ከዓሣ ነጋዴውም እሰርቃለሁ ብዬ።

«ትልቁ ምን ያህላል?» አለኝ ሰምቶ ሲጨርስ።

«ጣራ ያህላል።»

«ጠርዙ አልፈረሰም?»

«አልፈረሰም። ቬክተር ነው።»

ሊስቅ ነበር፣ ተወው። «ዓሣ ነጋዴው አርማውን በስሙ ሊያስመዘግብ ነው፤ የሌላ አይደለም ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። አስወርጂው፤ ከዚያ አብረን ሄደን እውነቱን እንነግረዋለን። ካልወረደ ግን ላቆይሽ አልችልም።»

እሑድ፣ ቅዳሴ በሚወጣበት ሰዓት ደወልኩ። ጋሽ ማርቆስ ሐይቅ ዳር ዓሣ ቤቱ በር ላይ ነበሩ። እንዲያወርዱልኝ እንዴት እንደነገርኳቸው አልጽፈውም።

«አባ ኮዳው የኖርዌይ ነው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«የኛ ነው፣ ጋሼ።»

«ሐይቁስ?»

«የኛ።»

«ታዲያ እኔ ከማን ሰረቅሁ፣ ልጄ?»

«ወፉን አይደለም የሸጥኩት፣ ጋሼ። ሥዕሉን ነው። ቃሌን ሰጥቼበታለሁ፤ ለእርስዎ መላክ አልነበረብኝም።»

«ቀለሙን እኮ ቀይሬዋለሁ» አሉ፣ ድምፃቸው አንሶ።

ኢንግሪድ ፊት የተናገርኩበት የራሴ ድምፅ ነበር። ያን ትልቅ ሰው፣ እጄን ይዘው መስመር ያስጀመሩኝን ሰው፣ ኢንግሪድ እኔን እንዳሳፈረችኝ አሳፈርኳቸው፤ ያውም በዓመት በዓል ሰሞን።

«እሺ» አሉ። «መሰላል አስመጣለሁ። ካኔተራውንም እሰበስባለሁ፣ ማኅተሙንም አስቀይራለሁ። ለእናትሽ ግን አንቺ ንገሪያት። በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እዚህ ቆማ ሳታየው አታልፍም። ይኸው፣ አጠገቤ ናት።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ።

«ጽጌዬ! ወፍሽ ሥር ቆሜልሻለሁ። ቅድም አንዲት ሴትዮ ይሄን የሣለው ማነው ብትል፣ ልጄ ናት አልኳት። አባቷም ሠዓሊ ነበር አልኳት። ምነው፣ ማርቆስ ፊቱ ጠቆረሳ? ምን አልሽው?»

አፌን ከፈትኩ። ከጀርባዋ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል፣ አንዱ በሲዳምኛ በዓሣ ዋጋ ይከራከራል፣ ዘይት ይንጣጣል።

«ሄሎ? ጽጌ? ሄሎ? ወይ ይሄ ኔትወርክ! ተቆረጠ መሰለኝ፣ ማርቆስ።»

መስመሩ አልተቆረጠም ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ እናቴ «እስቲ ቆይ፣ መልሳ ትደውል ይሆናል» እያለች ከወፉ ሥር ስትጠብቀኝ እሰማት ነበር።